ካክዱጊ አይቆጠርም

በእኛ ሰፈር ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የካክዱጊን ሕግ ያውቃል። ካክዱጊ መቼም ምግብ ነው፤ እንደ ስኳር ኩብ ተከትፎ በበርበሬ የተለወሰ ነጭ ፍጅል፣ ከሾርባ አጠገብ በትንሽ ሳህን የሚቀርብ። የልጆች ካክዱጊ ግን ሰው ነው። ለአባሮሽ በሁለት ቡድን ስንከፈል አንድ ልጅ ከተረፈ፣ ወይም የአንዱ ታናሽ እህት "እኔም!" እያለች ስታለቅስ ከተከተለችን፣ "በቃ አንቺ ካክዱጊ ነሽ" ተብላ ትገባለች። ለሁለቱም ወገን ትሮጣለች። ብትያዝ አትወጣም፣ ብትይዝም አይቆጠርላትም። ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፈው ቡድን ሲጨፍር እሷም አብራ ትጨፍራለች፤ ማንም ግን "አሸነፍሽ" አይላትም።

እኔ ከአራት ዓመቴ እስከ ስምንት ዓመቴ የወንድሜ ጓደኞች ካክዱጊ ነበርኩ። ስምንት ሲሞላኝ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ፈጥኜ መሮጥ ጀመርኩና ሹመቱ ተነሣልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝን የማናግረው በጡጫ ነበር። እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ፣ የዓለም ዋንጫ ወደ አገራችን ሊመጣ አምስት ዓመት ሲቀረው፣ የትምህርት ቤታችን የእግር ኳስ አሰልጣኝ ፕዮ በወንዶች ሁሉ ፊት የየትኛውም ቡድን ያልሆነች ቢጫ ሰደርያ ሲያለብሱኝ የተሰማኝን አስቡት።

የምንኖረው ሙክሆ ወደብ ላይ ነው። ከባሕሩ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ኮረብታው አናት፣ እስከ ነጩ የመብራት ማማ ድረስ ቤት በቤት ላይ ተደራርቧል፤ በመሀሉ ጠባብ ደረጃ ይወጣል፤ በደረጃው ግራና ቀኝ ስኩዊድ የሚባለው ባለብዙ እግር የባሕር እንስሳ እንደ ካልሲ በገመድ ተሰጥቶ ይውላል። ከፕዮ በፊት የነበሩት አሰልጣኝ ለእኛ ያላቸው ትምህርት ያ ደረጃ ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ወደቡ፣ ከወደቡ እስከ ማማው፣ ከዚያ መመለስ፣ ከዚያ እንደገና። ኳስ የምትወጣው በመጨረሻ ነው፤ ያኔ ደግሞ እግራችን ኳስና ድንጋይ መለየት አቁሟል። ያስመለሰው ልጅ ጎበዝ ይባላል፤ ውኃ የጠየቀው አንድ ዙር ይጨመርለታል። አባቶቻችን ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸው ነበር። እነሱም በየጀልባው ላይ የተማሩት እንዲያ ነዋ።

አሰልጣኝ ፕዮ በመጋቢት መጡ። ጆሮአቸው ትልልቅ፣ ድምፃቸው ትንሽ። በመጀመሪያው ቀን ኳሶቹን በሙሉ ሜዳው ላይ ዘረገፏቸው።

"አሰልጣኝ፣ ሩጫውስ?" አለ ቴጉን። ቴጉን አምበላችን ነው፤ አባቱ የበረዶ ፋብሪካው ባለቤትና የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው።

"ኳሷን ተከተሏት። እሷ ታስሮጣችኋለች።"

ትልቁን የአቧራ ሜዳ ትተው ሁለት ትንንሽ ሜዳዎች በእርምጃ ለኩ፤ ርዝመቱ ሠላሳ፣ ወርዱ ሃያ። "አራት ለአራት" አሉ። አራት ቀይ፣ አራት ሰማያዊ፣ በወዲያኛው ሜዳም እንዲሁ። ቆጠሩን። አሥራ ስድስት ወንዶች ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ አሥራ ሰባተኛዋ እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። ያኔ ነው ሚስታቸው ከዓሣ አጥማጅ የዝናብ ልብስ የሰፏትን ቢጫ ሰደርያ ከካርቶን ውስጥ ያወጡት። ስለብሳት ሲጥ ሲጥ ትላለች፤ ሽታዋም የጀልባ ወለል ነው።

"ሶል፣ ኳስ የያዘው ቡድን ሁሉ ያንቺ ቡድን ነው። ሰማያዊ ከቀማ ሰማያዊ ነሽ። ቀይ መልሶ ከቀማ ቀይ ነሽ።"

"ታዲያ ማን ሲያሸንፍ ነው እኔ የማሸንፈው?"

"በእሱ አትጨነቂ።"

"ካክዱጊ!" አለ ዎንቦ ከወዲያ ማዶ፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ዎንቦ ጓደኛዬ ነው፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ክፋት የሌለው። ከልምምድ በኋላ ግን ከንፈሩን አበጥኩለት።

ዛሬ እኔም ፊሽካ አንገቴ ላይ አስሬ የምውል ሰው ነኝ። ልጆቼ ደረታቸው ላይ በሚያስሩት መቀነት አማካይነት የልባቸው ምት ስልኬ ላይ ይመጣልኛል፤ የሮጡትም ሜትር አብሮ። ስለዚህ አሁን አውቃለሁ። ቀይ ሲያጠቃ ሰማያዊ ይከላከላል፤ ከዚያ ይገላበጣል፤ በመሀሉ ሁሉም ትንሽ ይተነፍሳል። ቢጫው ግን ሁልጊዜ ከኳስ ጋር ነው። ምሽት ላይ ቁጥሩን ስመለከት፣ እኔ ዘንድ ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሮጠው እሱ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎል ሳገባ ማንም አያቅፈኝም።

አራት ደቂቃ ጨዋታ፣ ሦስት ደቂቃ እረፍት፤ ይህ አራት ጊዜ ይደገማል። ከውጭ ላየው ጨዋታ ነው። ውስጡ ላለ ግን በሁለተኛው ዙር ጉሮሮው ውስጥ ሳንቲም የዋጠ ያህል ብረት ብረት ይለዋል፤ በአራተኛው ዙር እናቱን ይጣራል። የገረመን ደግሞ የእረፍቱ ሥነ ሥርዓት ነው። ፊሽካ ሲነፋ ወንዶቹ ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ ያደርጉና፣ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ሁለተኛው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ አሥራ ስድስቱም ጮክ ብለው የልባቸውን ምት ይቆጥራሉ። ያገኙትን ቁጥር ይናገራሉ፤ አሰልጣኝ ፕዮ በስድስት አባዝተው በሰማያዊ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። እረፍቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ እንደገና። ከአጥሩ ውጭ የቆሙ እናቶች "ምነው፣ ልጆቹን ቁጥር ነው የሚያስተምሯቸው?" ይባባሉ ነበር።

የኔን አንገት ግን አሰልጣኙ ራሳቸው ነበሩ የሚይዙት። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቆጥሬ መጨረስ የማልችል መስሏቸው ይሆናል ብዬ አዝኜ ነበር።

በሚያዝያ መጀመሪያ በግንቦት ሳምቾክ ከተማ ላይ ውድድር እንዳለ ተነገረን። ዝርዝሩ አሥራ ስድስት ስም ብቻ ይይዛል። ሕጉ ሴት ልጅ አትግባ አይልም፤ ሴት ልጅ ትመጣለች ብሎ ያሰበም አልነበረም። ያን ዝርዝር እንዴት እንደተመኘሁት ልነግራችሁ አልችልም። በደብተሬ ጀርባ ላይ አሥራ ስድስት መስመር አስምሬ ስሜን በየመስመሩ እየጻፍኩ የትኛው ቦታ እንደሚያምርልኝ አይ ነበር። ሰባተኛው ላይ ያምራል።

አንድ ቀን ታዲያ ኳሶቹን መልሼ ከዕቃ ቤቱ ልወጣ ስል የሊቀመንበሩን ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ ሰማሁ። በበረዶ መፍጫው ላይ መጮኽ ስለለመዱ ቀስ ብለው መናገር አይችሉም።

"እሺ፣ ሩጫውን ተውት። ልጆቹን እንደ ጫጩት በትንሽ አጥር ውስጥ ያሯሩጧቸው፤ እናያለን። ያቺ ሴት ልጅ ግን ምን ልትሆን ነው? ነገ ዝርዝር ሲወጣ የአንዱን ወንድ ልጅ ቦታ ወሰደች ማለት አባቱ መጥቶ የሚያንቀው እኔን ነው!"

"ኧረ ሊቀመንበር! እሷ እኮ ካክዱጊ ናት" አሉ አሰልጣኝ ፕዮ።

"ካክዱጊ?"

"ካክዱጊ ናት። የማንንም ቦታ አትወስድም፤ አትቆጠርም።"

ሊቀመንበሩ ሳቁ፤ ሳቃቸው በጣም የተደሰተ ሰው ሳቅ ነበር። "እንዲያማ ከሆነ እስክትጠግብ ትጫወት!" አሉ።

ኳስ በተሞላ መረብ ላይ ቁጭ አልኩ። አላለቀስኩም። ዎንቦ ቢለኝ ጡጫ አለኝ፤ አሰልጣኝ ሲሉ ግን ምን ይደረጋል? ቆይቶ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። እውነት አልቆጠርም ማለት ነው? እውነት ከሆነ ደብተሩ ላይ ይኖራል።

በማግስቱ አሰልጣኝ ፕዮ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሲሄዱ ደብተሩን ገለጥኩት። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የወንዶቹ ስም በሁለት ዓምድ ተደርድሯል፤ ስምንት በዚህ፣ ስምንት በዚያ። እኔ የለሁም። ገጽ ገለበጥኩ፤ የለሁም። በመጨረሻ ከደብተሩ ጀርባ፣ ብቻዬን፣ አንድ ገጽ ላይ አገኘሁት፤ ሶል። ከሥሩ ቁጥሮች። የልጆቹ ሁለተኛ ቁጥር፣ ከእረፍት በኋላ የሚቆጠረው ማለቴ ነው፣ መቶ ሠላሳ ስምንት፣ መቶ አርባ አራት፣ መቶ ሃምሳ ይላል። የኔ መቶ አሥራ አራት። መቶ ስምንት። መቶ ሁለት። እየወረደ፣ እየወረደ ይሄዳል። አንዱ ደግሞ በቀይ ተከቧል።

ትንሽ ቁጥር በቀይ ሲከበብ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ የለም። እንዲህ ከሆነማ ነገሩ ገባኝ አልኩ። ወድቄያለሁ።

ስለዚህ ቁጥሬን ላሳድግ ተነሣሁ። እረፍት ሊያልቅ ሲል "ጫማዬን ልሰር" እልና ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሄጄ ሠላሳ ጊዜ እንደ እንቁራሪት እዘላለሁ። መጥቼ አንገቴን እሰጣለሁ። መቶ ሠላሳ ሁለት! አንድ ቀን ደግሞ ቃሪያ ልብ ያስመታል ሲባል ሰምቼ ከምሳዬ የተረፉትን ሁለት ቃሪያዎች አንድ ላይ ቆረጠምኩ። ዓይኔ ጠፋ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ቁጥሬ ግን መቶ ሃምሳ ስድስት ገባ። በአንድ ሳምንት ቴጉንን በለጥኩት። አሰልጣኝ ፕዮ ቁጥሩን ሲጽፉ ብዕራቸውን ነከሱ። በጣም የተደሰቱ መሰለኝ።

በማግስቱ ቢጫዋን ሰደርያ ከላዬ አወለቁና ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፤ የገብስ ውኃም ሰጡኝ።

"ዛሬ እረፊ።"

"ለምን? ጨመርኩ እኮ!"

"እሱን ነው የምልሽ" አሉ፤ ፊታቸውም ጥሩ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ስኩዊድ ወደምታሰጣበት ግቢ መጡ። እኔ ከገመዶቹ ጀርባ ነበርኩ። ነፋሱ ስኩዊዶቹን ሲያማታ ንግግራቸው እየተቆራረጠ ይደርሰኛል። "…ልቧ…" አሉ እሳቸው። "…ሐኪም…" ቀጥሎ እናቴ የሆነ ነገር ጠየቀች። "…ካክዱጊ ብዬ… ይቅርታ…" አሉ። እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ብቻ እሷ አትስማ" ስትል ጥርት ብሎ ሰማሁት።

በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጭንቅላት ይህን ገጣጥሙት። ልቤ ታሟል። የታመመ ልብ ስላለኝ ነው ካክዱጊ ያደረጉኝ። ልሞት ነው መሰል፤ እናቴ ደግሞ ታውቃለች፣ ትስቃለችም።

ማታ አጠገቧ ተኝቼ፣ "እማ፣ ስኩዊድ ልቡ ቢታመም መዋኘት ይችላል?" አልኳት።

"ስኩዊድ ሦስት ልብ አለው፤ አንዱ ቢደክመው ሁለቱ ያግዙታል። አንቺ ግን ያለሽ አንድ ብቻ ነው። ዝም ብለሽ ተኚ።"

ይህ መልስ እንዴት እንዳስተኛኝ አትጠይቁኝ።

በዚያው ሳምንት ሊቀመንበሩ ሜዳው መሀል ገብተው ቆሙ። "ሰባት ሳምንት ተጫውታችኋል። አሁን ደግሞ ጉልበታችሁን እንይ" አሉ። ቅዳሜ ሁላችንም የድሮውን መንገድ እንሮጣለን፤ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ መብራቱ ማማ። በድሮው አሰልጣኝ ጊዜ የተያዘው ሰዓት እሳቸው ዘንድ ተጽፏል። ልጆቹ ከዚያ ከዘገዩ አሰልጣኝ ፕዮ ሻንጣቸውን ይይዛሉ። ዝርዝሩም ከዚያው ይወጣል፤ መጀመሪያ የደረሱት አሥራ ስድስት።

ልጆቹ ሲበተኑ ቀረሁና አሰልጣኙ ፊት ቆምኩ። "እኔም ልሩጥ።"

"ሶል፣ ልብሽ ከሰሞኑ…"

"ልቤ ምንም አልሆነም። እዘል ነበር።"

"ምን?"

"ከዕቃ ቤቱ ጀርባ። ሠላሳ ጊዜ። ቃሪያም በልቻለሁ። ቁጥሬ ትንሽ ስለሆነ ነው።"

ያ ትንሽ ድምፅ ያላቸው ሰው በሳቅ ሆዳቸውን ይዘው የሜዳው ምልክት የሆነ የላስቲክ ኮን ላይ ቁጭ አሉ፤ ኮኑ ተጨፈለቀ። "ዝቅ ያለው ነው እኮ ጥሩው፣ አንቺ ቂል! ቶሎ የሚረጋ ልብ ነው የጎበዝ ልብ!" እያሉ እንባቸውን ጠረጉ።

አላመንኳቸውም። ሊሞት ለተቃረበ ሰው እንዲህ ነው የሚባለው ብዬ ነው። ቢሆንም፣ "ልሩጥ ታዲያ?" አልኩ።

"ማን ከለከለሽ!"

ቅዳሜ ፊሽካውን ነፍተው ከወላጆቹ ጋር በሊቀመንበሩ የበረዶ መኪና ላይ ተሳፈሩና በአስፋልቱ ዞረው ወደ ማማው ወጡ። እኛ ወደ ወደቡ ወረድን። ቴጉን ከፊት ነው፤ ክንዱን እንደ ባቡር እየነዳ። በዓሣ ገበያው መሀል ስናልፍ ሴቶቹ የጎማ ጓንታቸውን እያጨበጨቡ "የማን ናት ይቺ? አይዞሽ፣ አይዞሽ!" አሉኝ። ደረጃው ሥር ስደርስ ልቤን አዳመጥኩት። ቆም ካለ እቆማለሁ ብዬ ወስኛለሁ። አልቆመም።

ያኔ ነው የሚገርመው ነገር የመጣው። ባለፈው ክረምት፣ ሰማያዊው በር ያለበት ቤት ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ጉልበቴን እይዝ ነበር። አሁን ሰማያዊው በር መጣ፣ አለፈም። ቀጥሎ የተሰነጠቀው ገንዳ፣ እሱም አለፈ። ምን ተፈጠረ? ደረጃው አጥሯል እንዴ? እስከ ዛሬ እንደዚያ ቀን ራሴን በጉጉት ያየሁበት ቀን የለም፤ የሰው እግር ላይ የተሳፈርኩ እስኪመስለኝ ድረስ። አንድ አራተኛ ያህል ደረጃ ሲቀር ቴጉን አጠገብ ደረስኩ። አየኝና "አንቺ ደግሞ!" አለ፤ ሌላ ቃል የሚያወጣበት ትንፋሽ አልነበረውም። አለፍኩት። የማማውን ነጭ ግድግዳ በመዳፌ ጠፍ አደረግሁት።

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔን አዩኝና መልሰው ወደ ደረጃው ተመለከቱ። ቴጉን መጥቶ ግድግዳውን ሲነካ፣ "አንድ!" አሉ።

"እኔስ?" አልኩ።

"ካክዱጊ አይቆጠርም" አሉ፤ ደግሞ ተቆጥተው አይደለም፣ የዕቃ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው። "አሰልጣኝሽ ራሳቸው ናቸው ያሉት። አይደለም እንዴ፣ አሰልጣኝ?"

አሰልጣኝ ፕዮ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ትልልቅ ጆሮዎቻቸው ቀሉ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እየተባለ ልጆቹ ገቡ። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አዩ፣ የድሮውን ወረቀት አዩ፣ እንደገና ሰዓታቸውን አዩ። ሁሉም ልጅ ከድሮው ፈጥኗል። በመጨረሻ ዎንቦ በአራት እግሩ ሊባል በሚችል ሁኔታ ደርሶ በጀርባው ተዘረረ።

"አሥራ ስድስት!" አሉ ሊቀመንበሩ። "ሞላ። አለቀ።"

ዎንቦ መቁጠር ያውቃል። ሰማዩን እያየ፣ እያለከለከ፣ "አሥራ ሰባተኛ ነኝ እኮ" አለ። "እሷ ትቆጠርና እኔ ካክዱጊ ልሁን።"

"ይሄ የሰፈር ጨዋታ አይደለም!"

ቀጥሎ የሆነውን ከመናገሬ በፊት ማንም በከንቱ እንዳይጠብቅ አንድ ነገር ልናገር። ሰኞ የተለጠፈው ዝርዝር ላይ ስሜ አልነበረም። ሳምቾክ ያለእኔ ሄዱ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈው ተመለሱ፤ ደስ አለኝ። አሰልጣኝ ፕዮ ሥራቸው ላይ ቆዩ። ሁለት ሳምንት ልምምድ አልሄድኩም፤ በሦስተኛው ቢጫዋ ሰደርያ ናፈቀችኝና ሄድኩ።

በመከር አንዲት ሴት መጡ፤ የሰማያዊው ደብተር የመጨረሻ ገጽ እጃቸው ውስጥ ታጥፎ አየሁት። አንገቴን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ሐኪሟ መጡ ብዬ "ስንት ጊዜ ቀረኝ?" አልኳቸው። ሴትየዋ በካንግኑንግ የአንድ ሴቶች ትምህርት ቤት ቡድን አሰልጣኝ ነበሩ። የቀረኝ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ ያን ያህል ተጫወትኩ።

የስኩዊዱን ግቢ ንግግር ደግሞ እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ አሰልጣኝ ከሆንኩ በኋላ ነው። አሰልጣኝ ፕዮ የመጡት ልቤ ያለወትሮው መምታቱ አስጨንቋቸው ሐኪም እንዲያየኝ ሊለምኗት ነበር። እግረ መንገዳቸውንም ይቅርታ ጠየቋት። "ሊቀመንበሩ ከልምምድ ሊያስወጧት ሲሉ ካክዱጊ ናት ብዬ አዳንኳት። ስድብ ነው፣ አውቃለሁ" አሏት። እናቴም "ይበሉ እንጂ! የማትቆጠርን ልጅ ማን ያባርራታል? ብቻ እሷ አትስማ፤ ትደበድብዎታለች" ብላ ሳቀች። ገጹን ለብቻ የከፈቱልኝ ለእኚያ ሴት ሊልኩላቸው አስበው ነው። ያቺ ሰደርያም ባትኖር ኖሮ እኔ ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እሳቸውንም እንደ አባት ነው የምወዳቸው። ግን ማማው ሥር ያን አፋቸውን መልሰው መዝጋታቸውን እስከ ዛሬ ትንሽ እቀየማቸዋለሁ። ቢናገሩ ኖሮ ዝርዝሩንም ልምምዱንም አጣ ነበር፤ ቢሆንም እቀየማቸዋለሁ።

አሁን ወደ ማማው ልመለስ።

ሊቀመንበሩ "አለቀ" ካሉ በኋላ አሰልጣኝ ፕዮ መጥተው ፊቴ ተንበረከኩ። ሁለት ጣታቸውን አንገቴ ላይ አደረጉ። ሰዓታቸውን አዩ። ሁልጊዜ የሚቆጥሩት አሥር ሰከንድ ነው፤ ሁልጊዜም በሆዳቸው። ያን ቀን ግን ጮክ ብለው ጀመሩ።

"አንድ። ሁለት። ሦስት።"

የሰባት ሳምንት ልማድ ቀላል አይደለም። ዎንቦ እንደተጋደመ "አራት፣ አምስት" አለ። ሌላው ተቀበለው። ሃያ ሳይሞላ መሬት ላይ የተዘረሩት ወንዶች ሁሉ፣ ገሚሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አብረው ይቆጥሩ ነበር። ሠላሳ ላይ የቴጉንን ድምፅ ለየሁት። አባቱ "በቃ፣ ወደ መኪናው!" አሉ፤ የሰማቸው የለም። እኔ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ከንፈሬን ነክሼ ባሕሩን አያለሁ።

በአሥር ሰከንድ ሳያቆሙ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሲሞላ አሰልጣኝ ፕዮ "መቶ ሁለት" ብለው ጣታቸውን አነሡ። ልጆቹ ግን አላቆሙም። መቶ ሦስት፣ መቶ አራት እያሉ ተነሡ፤ እየቆጠሩም በዚያ ሁሉ ደረጃ፣ በዚያ ሁሉ ስኩዊድ መሀል ከእኔ ጋር ወረዱ። ወደቡ ስንደርስ ሰባት መቶን አልፈው ነበር።